ከግንባሯ ያጠፋሁት መስቀል

አክስቴ ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው። ሥራ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ አክስቴስ ለእናቴ፣ "ከትምህርት በኋላ መንገድ ለመንገድ ከምትዞር እኔ ዘንድ ትቀመጥ" ብቻ ነው ያለቻት። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባንኮኒው ኋላ ስቆም ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር።

ፎቶ ቤቷ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ትልቅ ሸራ። ሸራው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፤ ከፏፏቴው ዳር ደግሞ በአገራችን ማንም አይቷት የማያውቅ ቀይ ወፍ ቆማለች። ከጽጽቃ የመጣ ገበሬም ይሁን የከተማው አስተማሪ፣ ለማስታወሻ የሚነሣ ሁሉ እዚያች ወፍ አጠገብ ይቆማል። አክስቴ፣ "እሷ ወፍ ከኔ የበለጠ ሰው ታውቃለች" ትላለች።

በዚያ ዓመት አክስቴ ወልድያ ወርዳ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ስካነርና ባለቀለም ፕሪንተር ገዝታ መጣች። ከዚያ በፊት ፎቶ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ትንሿን ፎቶ በፖስታ አሽገን ለአውቶቡስ ሾፌር እንሰጥ ነበር። በሁለት ሳምንት ትመለሳለች። አንዳንዴ የሌላ ሰው ፎቶ አድጎ ይመጣል። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ልከን የማናውቃት ሕፃን መጣችልን፤ አክስቴ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ሰቅላታለች፤ "ባለቤቷ እስኪመጣ" እያለች።

ከፕሪንተሩ ጋር አንድ ሲዲ ነበረ። ሲዲው ውስጥ ያለው ፎቶ ማሳደጊያና ማተሚያ ፕሮግራም ነው። ትንሽ ፎቶ ሰጥተን ይህን ያህል አድርግልን ስንለው ምስሉን በየወረቀቱ ከፋፍሎ ያትማል፤ እኛ ወረቀቶቹን አጋጥመን ካርቶን ላይ እንለጥፋለን። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። አክስቴ ሦስት ቀን ታግላው፣ "ይኼ ነገር እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን እልህም ያውቃል" ብላ መዳፊቱን ወደ እኔ ገፋችው። እኔም መዝገበ ቃላቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያ ሥራችን የሙሽሮች ፎቶ ነበር። አራት ወረቀት ላይ አተምኩት፤ ወረቀቶቹ ግን አንዱ ከአንዱ አልገጥም አሉ። የላይኛውን ስናስተካክል የታችኛው ይሸሻል። አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆማ አየችና፣

"ሙሽራው ሁለት አፍንጫ አወጣ" አለች።

"አይ እትዬ፣ ትንሽ ነው የተዛባው።"

"ትንሽ? አንዱ አፍንጫ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ሊለው ነው እኮ!"

ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ ነው ጥፋቱን ያገኘሁት። ፕሮግራሙ ውስጥ "ከወረቀቱ ልክ አስገባ" የሚል ትርጉም ያላት ትንሽ ሣጥን አለች። ምልክት ተደርጎባት ነበር። እሷ እያንዳንዱን ቁራጭ በየራሱ ትንሽ ትንሽ እያሳነሰች ኖሯል፤ ስለዚህ ልክ የነበረው ሁሉ ልክ አልሆነም። ምልክቱን አነሣሁት። ወረቀቶቹ እንደ ወንድማማች ተቃቀፉ። ያን ቀን ከፎቶ ቤት እስከ ቤት ድረስ በሩጫ ነው የሄድኩት፤ ለምን እንደምሮጥ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ስለዚያች ሣጥን ነገርኩ። ማንም አልገባውም።

ቄሱ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከደሃና የመጡ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጢማቸው ገና ግማሹ ጥቁር የሆነ ቄስ በሩ ላይ ቆሙና ጃንጥላቸውን አጠፉ። መስቀላቸውን ተሳለምን። ከጋቢያቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ላስቲኩ ተፈትቶ ጨርቅ፣ ጨርቁ ተፈትቶ የቀበሌ መታወቂያ ወጣ። መታወቂያው ላይ የአንዲት ሴት ጉርድ ፎቶ አለ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም።

"ባለቤቴ ነበረች" አሉ። "እሑድ ሙት ዓመቷ ነው። ሌላ ፎቶ የላትም። ትልቅ ታደርጉልኛላችሁ?"

አክስቴ መታወቂያውን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ማኅተም መቺው እጁ ሳይከብደው አልቀረም፤ ክቡ ወይን ጠጅ ማኅተም የፎቶውን ጥግ በመንካት ፈንታ ግማሽ ግንባሯ ላይ አርፏል። ፎቶውን የያዘችው የስቴፕለር ሽቦ ዝጋለች።

"ማኅተሙ አስቸጋሪ ነው፣ አባ" አለች አክስቴ። "ወልድያ ብንልከው ጥሩ ነበር፤ ጊዜው ግን…"

"ቅዳሜ በጠዋት በሚወጣው መኪና ካልሄድኩ ለእሑድ አልደርስም። ከመኪናው ወርዶ የእግር መንገድ አለ።" ላስቲኩን እያጣጠፉ ቀጠሉ። "ለሰው ለማሳየት ብዬ አይደለም። ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ስትሞት አራት ነበረች። ባለፈው ሳምንት፣ 'አባዬ፣ እናቴ ጥርሷ እንዴት ነበር?' ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እየጠፋባት ነው። ይችን መታወቂያ ባሳያት፣ 'ይቺ ትንሽ ናት፤ እናቴ ትልቅ ናት' አለችኝ።"

አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ቀድሞውንም ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር።

ወጥተው ከሄዱ በኋላ አክስቴ መጋረጃውን እያስተካከለች፣ "ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም" አለችኝ፤ የማላውቅ ይመስል። "ሌላው ሰው ቢሆን አንድ ቀን ሌላ ፊት እቤቱ ይገባል። እሳቸው ቤት ግን የሚገባው ፊት ይኸው ነው። ተጠንቅቀሽ ሥሪው።"

ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስካን ሳደርግ ቸኮልኩና ስካነሩን እንደ ተለመደው ተውኩት። ምስሉን ባሳደግኩት ጊዜ ፊቷ የድንጋይ ካብ መሰለ፤ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ላይ። ፕሮግራሙ ከሌለ ነገር ፊት አይፈጥርም፤ የተሰጠውን ነው የሚለጥጠው። ስለዚህ ከስካነሩ ማውጫ የጥራቱን ትልቁን ቁጥር መርጬ እንደገና አስገባሁት። ስካነሩ እንደ ደከመው ሽማግሌ ቀስ እያለ ሄደ። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ያየሁት የወረቀቱን ቃጫ ሳይቀር ነበር። ዓይኖቿ መጡ። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን የገጠመች ሴት ናት፤ ፎቶ አንሺው "አትሳቂ" ብሏት መሆን አለበት። እኛም እንላለን።

ከዚያ ማኅተሙን ማጥፋት ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ከአንድ ቦታ ቆዳ ወስዳ ሌላ ቦታ የምትደርብ መሣሪያ አለችው። ከጉንጯ እየወሰድኩ ግንባሯ ላይ ደረብኩ፤ ጠብታ በጠብታ። የዝገቱን ነጥብ አጠፋሁ። የወረቀቱን ጭረት አጠፋሁ። ከቅንድቧ በላይ ከማኅተሙ ጋር የተደባለቀ አረንጓዴ ነገር ነበረ፤ ቀለሙ የፈሰሰ መስሎኝ እሱንም አጠፋሁ። አክስቴ ሁለት ጊዜ መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየች፤ ሁለት ጊዜም "እሰይ" አለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግንባሯ እንደ ሕፃን ግንባር ጠራ። ሴቭ አደረግኩት፤ በዚያው በመጀመሪያው ስም። በኩራት ሌላው ሁሉ ተረስቶኛል።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቄሱ ቀድመውኝ መጥተው፣ ከባንኮኒው ፊት ባለችው ወንበር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠው ነበር። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ከምስጋና በፊት ያለው ዝምታ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። ዝምታው ግን ረዘመ።

"ቆንጆ ናት" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ አባ!"

"ልጄ፣ ይቺ ማን ናት?"

አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች። እኔ መታወቂያውን አንሥቼ አሳየኋቸው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ያስገባሁ መስሏቸው ይሆናል ብዬ። አላዩትም። ጣታቸውን አንሥተው፣ ስክሪኑን ሳይነኩ፣ ግንባሯ ላይ ጠቆሙ።

"መስቀሏን ምን አደረግሽው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ አረንጓዴ ነገር የፈሰሰ ቀለም አልነበረም፤ ንቅሳት ነው። እናቴ ግንባሯ ላይ አላት። ትልቋ አክስቴ አላት። ከገበያ ቅቤ የምትሸጥልን ሴትዮ አላት። በየቀኑ የማየው መስቀል ነው፤ ከአንዲት ሴት ፊት ላይ ቆሻሻ ነው ብዬ ያጠፋሁት እኔው የዚህ አገር ልጅ ነኝ።

"አጠፋሁት፣ አባ። ማኅተም መስሎኝ ነው።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "መስቀል ከሌላትማ ልጅቷ አታውቃትም" አሉ ብቻ። "እናቷ ስታቅፋት ስታጠባት ልጅቷ ጣቷን የምታሳርፈው እዚያ ነበር።"

አክስቴ ቶሎ ብላ፣ "መታወቂያው አለ አይደል? እንደገና ይገባል" አለች። አለ። የመጀመሪያውን ስካን በራሴ እጅ ደምስሼዋለሁ እንጂ መታወቂያው አለ። ስካነሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ክዳኑን ዘጋሁት፣ ጀምር አልኩት፤ መብራት ሄደ።

ምን ይደረጋል። ተቀመጥን። የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ድምፅ ጠፋ፤ ሌላው ሁሉ ድምፅ ግልጽ ሆኖ ተሰማ፤ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከማዶ የአህያ ጩኸት። መታወቂያውን አውጥቼ በበሩ ብርሃን ደጋግሜ አየሁት። ከመስቀሉ የሚታየው ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ማኅተሙ ውጦታል።

"ግማሹ ካለ ችግር የለም" አልኩ፤ ተስፋዬ ተመልሶ። "ግራውን ወስጄ በቀኝ ገልብጬ አኖረዋለሁ። ፕሮግራሙ ይገለብጣል። ልክ ይሆናል።"

ቄሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ልክ ከሆነማ የእሷ አይደለም።"

አክስቴ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ድጓ ጸሐፊ ቀስ ብለው ሣሉ። ታች ያለው እግር ረጅም፣ በግራ ያለው ክንድ በጫፉ ሦስት ነጥብ ያለው፣ በቀኝ ያለው ክንድ ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ፤ ነጥብም የለው።

"ስትነቀስ ትንሽ ልጅ ነበረች" አሉ። "በግራ በኩል ቻለች። በቀኝ በኩል መርፌው ሲነካት ራሷን ነጠቀችና ሮጠች። ነቃሿ አሮጊት እስከ ወንዝ ድረስ አባረረቻት፤ አልደረሰችባትም። 'እንግዲህ ስታገቢ እጨርስልሻለሁ' አለቻት። ስንጋባ ጊዜ አሮጊቷ ሞታለች። እኔም ሁልጊዜ፣ 'እኔ ያገባሁት ግማሽ መስቀል ነው' እላት ነበር። እሷ ደግሞ፣ 'ግማሹ ይብቃህ፣ ሙሉውን በቤተ ክርስቲያን ትሳለማለህ' ትለኛለች።"

አክስቴ ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ሳቅኩ። ያቺ አፏን የገጠመች ሴት ስትናገር የሰማኋት መሰለኝ።

መብራቱ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ስካን አደረግኩ፤ በዚህ ጊዜ ሴቭ ያደረግኩት በሁለት ስም ነው። ቄሱን ባንኮኒው ኋላ አስገብተን ከጎኔ አስቀመጥናቸው። የፏፏቴዋ ወፍ በተገለጠው መጋረጃ ከኋላችን ታየናለች። ማኅተሙን ከመስቀሉ ዙሪያ ብቻ እየለቀምኩ አወጣሁት። ከዚያ የግራውን አረንጓዴ እየቀዳሁ፣ የሣሉልኝን ወረቀት ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፌ፣ ቀኙን ክንድ መሳል ጀመርኩ።

"ዝቅ በይ" ይሉኛል። "በዛ። መለስ አድርጊው።"

"እዚህ ጋ?"

"ከዚያ አትለፊ! እዚያ ጋ ነው የሮጠችው።"

"ጫፉ ሹል ነው ወይስ ዱልዱም?"

"እንደ ተጎተተ ነገር ነው። መርፌው ሲንሸራተት። አዎ… አዎ።"

ኮምፒውተር አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ግን ከኔ በላይ ያዩ ነበር። የቅንድቧን ጸጉር አንዲት ዘለላ ሳይቀር፣ "ይኼኛው የሷ አይደለም፣ የወረቀቱ ጭረት ነው" ብለው አስጠፉኝ። ልክ ናቸው፤ ጭረት ነበር። በመጨረሻ እጄን ከመዳፊቱ አነሣሁ። ቄሱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉና በኸምጣኛ አንድ ነገር አሉ፤ ለኔ አይደለም። የናቴ ቋንቋ ስለሆነ ሰምቻለሁ። "ወይ አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ነው ያሏት።

ለማተም ስንነሣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ፕሮግራሙ ምስሉን በአራት ቆመው በሚገጥሙ ወረቀቶች አከፋፈለው፤ አንዱ መጋጠሚያ ከላይ ወደ ታች ልክ በአፍንጫዋ ላይ፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ በከንፈሯ ላይ ያልፋል። ቄሱ መስመሩን ሲያዩ፣ "ፊቷን አትቁረጪብኝ" አሉ። ባለ ሁለት አፍንጫውን ሙሽራ አስታወስኩ። ወረቀቶቹን አጋደምኳቸው፤ አራት የነበሩት ሁለት ሆኑ፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። አሁንም መስመሩ አገጯን ይነካል። ከራሷ በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ቆርጬ ባወጣሁት ጊዜ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይኛው ወረቀት ወጣ፤ መጋጠሚያውም ወርዶ ነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ገባ። ያቺን ትንሽ ሣጥን አየኋት፤ ባዶ ናት። አትም አልኩት።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጸጉሯ፣ ግንባሯ፣ ዓይኗ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ፊቷ ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ ውሃ። ግንባሯ ላይ ምንም የለም። መስቀሉ እንደገና ጠፍቷል።

"እኔ አልነካሁትም!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

ስክሪኑ ላይ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ወር አንድ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ስናትም ሹራቡ ሮዝ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ፕሪንተሩ ሰማያዊ ቀለሙ ሲደፈን ሌላውን ቀለም ብቻ ይተፋል። አረንጓዴ ደግሞ ያለ ሰማያዊ አይሆንም። ስለዚህ በተራ ወረቀት የሙከራ መስመሮቹን አተምኩ፤ ጥቁሩ ሙሉ፣ ቢጫው ሙሉ፣ ቀዩ ሙሉ፣ ሰማያዊው ግን አይጥ የበላው ነጠላ ይመስል በየቦታው ተበጣጥሷል።

ፕሮግራሙ ራሱን የሚያጸዳበት ትእዛዝ አለው። አንድ ጊዜ አዘዝኩት፤ ትንሽ ተሻለ። ሁለተኛ አዘዝኩት፤ እንደዚያው። አክስቴ እጄን ያዘችኝ። "ተይ። ሲያጸዳ ቀለሙን ይጠጣዋል። ካለቀ ወልድያ ነው።" ከሚያብለጨልጨው የፎቶ ወረቀትም የቀሩን ሦስት ብቻ ናቸው። አክስቴ ውሃ ልታፈላ ተነሣች፤ የተደፈነውን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ማስለቀቅ ከሻጩ የሰማችው ዘዴ ነው።

ቄሱ የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ሲያዩ ቆይተው ከጋቢያቸው ሥር የላስቲክ ጠርሙስ አወጡ።

"ጠበል ነው፤ ለልጆቹ የያዝኩት። ለእሱም የሚሆን ከሆነ…"

አክስቴ ፕሪንተሩን አየች፣ ጠርሙሱን አየች። "አባ፣ ጠበሉ ለልጆቹ ይቅር። ይኼ ክርስትና የተነሣ አይመስለኝም።"

ጥምጥማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያም የራሰውን ጨርቅ ቀለም ከሚረጨው የፕሪንተሩ ጭንቅላት ሥር አኑረን ጠበቅን። ስናወጣው ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ክብ ታትሟል። እንዲያ ያማረ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። የሙከራ መስመሮቹን አተምኩ፤ ሙሉ ናቸው።

በሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱ ሲወጣ እንደገና ጎንበስ አልን። ጸጉሯ ወጣ። ግንባሯ መጣ፤ በግንባሯ ላይ አረንጓዴው መስቀል፣ በግራ ሦስት ነጥብ ያለው፣ በቀኝ ሮጦ የቀረው። ዓይኖቿ መጡ። ያ ሊያመልጣት ያለው ሳቅ መጣ። ቄሱ ጥምጥማቸውን አወለቁና እንደገና ጠመጠሙት፤ እጃቸው ሥራ ፈልጎ እንጂ ጥምጥሙ አልተፈታም ነበር።

እንዴት እንደሚወስዱት ተጨነቅን። ካርቶን ላይ ለጥፈን ብንሰጣቸው መኪናው ውስጥ ይሰበራል። ቄሱ ግን ጃንጥላቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልለን በእንጨቱ ዙሪያ አደረግንና ጃንጥላውን መልሰው አጠፉት። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጃንጥላ ነው። ከወረቀቶቹ ጀርባ "ላይ" እና "ታች" ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፤ የዱቄት ሙጫ እንዴት እንደሚቀባም፣ መጀመሪያ ከነጠላው እጥፋት እንዲጀምሩም አስረድቻቸዋለሁ። "እኔ ብራና የምለጥፍ ሰው ነኝ" አሉኝ። "ይህስ አያቅተኝም።" መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉልኝና፣ "ዓይንሽን ይባርክልሽ" ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ሄደ። እኔ ማኅተም ያለበት ፎቶ በመጣ ቁጥር ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን፣ "ግንባር ላይ ምን አለ? ጉንጭ ላይስ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አክስቴ፣ "እንደ ሐኪም ሆንሽ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ሐኪምነትም ሳይቀር አሰብኩ፤ ለአንድ ቀን።

አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ቄሱ በሩ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን አጠፉ። ገና መስቀላቸውን ሳልሳለም፣

"አባ፣ ልጅቷ አወቀቻት?" አልኩ።

"ቁጭ ልበል እንጂ" አሉ እየሳቁ።

ቁጭ አሉ። በሙት ዓመቱ ቀን ፎቶው ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። ልጅቷ ገብታ አየችውና ምንም ሳትል ሄደች። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ግን ወንበር እየጎተተች መጥታ ወጣችበት። በአመልካች ጣቷ መጀመሪያ ግራውን ክንድ ነካች፤ ሦስቱን ነጥብ ቆጠረች። ከዚያ ቀኙን ነካች። እዚያ ጋ ጣቷ ቆመ።

"'አባዬ፣ ይኼኛው አላለቀም' አለችኝ" አሉ ቄሱ። "መርፌውንና አሮጊቷን ነገርኳት። ሳቀች። 'እናቴ ሮጠች?' አለች። 'ሮጠች' አልኳት። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት እናቷ ትነግራት እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። 'አዎ፣ እስከ ወንዙ' ብላ እሷው ጨረሰችልኝ።"

ቀጥሎ የመጣውን ለመናገር ትንሽ ያፈሩ መሰሉ።

"በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ወንበሩ እዚያው ቆሟል። ቀኙን ክንድ በከሰል ጨርሳዋለች። ሦስት ነጥብም አድርጋለታለች። አንዱ ከቅንድቧ ሥር ወርዷል።"

"እግዚኦ!" አለች አክስቴ።

እኔ ተነሥቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሁለቱም ፋይሎች አሉ፤ ቀለም አለ፤ ወረቀትም ከወልድያ መጥቷል። "አባ፣ አሁኑኑ እንደገና አትምልዎታለሁ። በአንድ ሰዓት ያልቃል" አልኩ።

"ተይው ልጄ" አሉ። "ነቃሿ፣ 'ስታገቢ እጨርስልሻለሁ' ብላ ነበር። ዘግይቶም ቢሆን ተጨረሰላት።"

ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የታሰረ የማር ቅል አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩልን። ስክሪኑ ላይ ግን እሷ ገና ክፍት ነበረች፤ የመስቀሏ ቀኝ ክንድ ሮጦ እንደ ቀረ። ቄሱ ሲወጡ ዞር ብለው አዩዋት፣ በኸምጣኛም ደህና ዋይ አሏት።